የሰጋቱራ ሦስተኛ ቤት

አማጯ ወለሉ ላይ በሆዷ ተኝታ እጇን እስከ ብብቷ ድረስ ከብረት መደርደሪያው ሥር ሰድዳለች። የጣቶቿን ጫፍ ለስላሳ ጸጉር ነካት፤ ወዲያው ሸሸ።

"ተያት ልጄ፣ እኔም ቤት እንዲሁ ነው ያደረገችው" አሉ ጡረተኛው መምህር፣ ባዶውን የድመት ቅርጫት ደረታቸው ላይ እንዳቀፉ። "አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ቁም ሣጥን ሥር። ማታ ሳህኗን ሞልቼ አስቀምጣለሁ፣ ጠዋት ቢበዛ አንድ ጉርሻ ጎድሎ አገኘዋለሁ። እኔ እንደሆንኩ ብቻዬን ነኝ፣ ሬዲዮ እንኳን አልከፍትም። እንዳትደነግጥ ብዬ ኮቴዬን አጥፍቼ ነበር የምራመደው።"

"የእርስዎ ጥፋት አይደለም ጋሼ።"

"የማንም ይሁን፤ እጄ ላይ በረሃብ ከምትሞት ብዬ ነው ያመጣኋት።" ዓይናቸው እንባ አቅሯል። ቅርጫቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ወጡ።

አማጯ ተነስታ ጉልበቷን አራገፈች። በእንስሳት መጠለያው የድመቶቹን ክፍል ከያዘች ስድስት ዓመቷ ነው። ቅጽል ስሙን ያወጡላት ባልደረቦቿ ናቸው፤ ድመትን ከቤት ጋር በማጋባት የሚስተካከላት የለም። የመጣውን ሰው ከእግር እስከ ራሱ ታየዋለች፣ ሁለት ሦስት ነገር ትጠይቀዋለች፣ ከዚያ "ያቺ ነች ያንተ" ትለዋለች፤ አለቀ። ሰጋቱራ እስክትመጣ ድረስ አንድም ሰው መልሶባት አያውቅም። በዚህ ደግሞ ትንሽ ትኮራለች፤ እውነቱን ለመናገር ትንሽ ማለት ያንሰዋል።

ሰጋቱራ የስምንት ወር ድመት ናት። ከአራት ወር በፊት የተገኘችው እንጨት ቤት ውስጥ ነው፤ ከመጋዙ ማሽን ሥር፣ የተከመረ ሰጋቱራ ላይ። መልኳም ቁርጥ ሰጋቱራ ስለሆነ ስም አውጪው ብዙ አልደከመም። እንጨት ቤቱ ተዘግቶ ማሽኖቹ ሲጫኑ እናትየዋ የገባችበት ጠፋ፤ ልጅቷ በካርቶን መጣች። ያን ቀን መጠለያው በሙሉ ከንፈሩን መጠጠላት። ምስኪን፣ በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል ተወልዳ፣ አሁን የሚያስፈልጋት ጸጥታ ነው ተባለ። አማጯም ካርዷ ላይ በቀይ እስክሪብቶ "ጸጥ ያለ ቤት ብቻ" ብላ ጻፈች። መጀመሪያ ለአንዲት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሰጠቻት፤ በሳምንቷ ተመለሰች። ከዚያ ይበልጥ ጸጥ ያለ ቤት ፈልጋ ለመምህሩ ሰጠቻት። ይኸው ውጤቱ።

የመጠለያው ሐኪም በሩ ላይ ቆሞ ነበር። በዕድሜ ታናሿ፣ በሥራ አለቃዋ ነው።

"ሁለት ሆነ" አለ።

"መቁጠርስ አላቃተኝም ዶክተር።"

"ሐሙስ ከእህል መጋዘኑ መኪና ይመጣል። አይጥ አስቸግሯቸው ሦስት ድመት ጠይቀዋል። ሦስተኛዋ እሷ ትሁን።"

"እዚያ እኮ የሚያበላት ሰው የለም። እሷ አይጥ ይዛ አታውቅም፤ የመጋዘኑ ድመቶች ደግሞ እንግዳ አይወዱም፣ ቦጫጭቀው ነው የሚጨርሷት።"

"ሰው አልለመደችም፤ ምን ላድርግ? ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ። ክፍሉ ሞልቷል፣ ስድስት የድመት ልጆች ኮሪደር ላይ በካርቶን ተቀምጠዋል።"

"ዛሬ ገና ማክሰኞ ነው።"

"እስከ ሐሙስ ያንቺ ናት" አለና ሄደ።

አማጯ እልህ ያዛት። ደግሞም አዘነች፤ ያቺን የምታክል ትንሽ ፍጥረት መጋዘን ውስጥ ስትባረር ታየቻት። እጇ ሥራ ሲይዝ ሐሳቧ ይጠራልና የቆሸሹትን ፎጣዎች ሰብስባ ጥግ ላይ ያለው ልብስ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ጨመረች። ማሽኑ አሮጌ ነው፤ መጭመቅ ሲጀምር ወለሉን እየደበደበ ይዘላል። ስለዚህ ሁልጊዜ መጭመቁ ሲቃረብ በሩን ዘግታ ትወጣለች፣ ሲጨርስ ትመለሳለች። ዛሬ ግን ሰዓቱ ደርሶ ልትወጣ ስትል አንዲት ጠና ያሉ ሴት ገቡ። አንገታቸው ላይ የልብስ መለኪያ ሜትር ተንጠልጥሏል፤ ማውለቁን ረስተውት ነው።

"ድመት ፈልጌ ነው የኔ እናት።"

"ቤትዎ እንዴት ያለ ነው?"

"ቤቴ ከሥራ ቦታዬ ጀርባ ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ። ስድስት ማሽን አለኝ፣ አራት ሴቶች ያግዙኛል። ማሽኑ ሲያርፍ ሴቶቹ ያወራሉ፣ ሴቶቹ ሲያርፉ ማሽኑ ያወራል። ድመቴ አርጅታ ባለፈው ወር ሞተችብኝ። የቆረጥኩት ጨርቅ ላይ የሚተኛብኝ ነገር ከሌለ እጄ አይሠራም፤ ሳቂብኝ እንግዲህ።"

አማጯ አልሳቀችም። ሴትዮዋን ወደደቻቸው። አንድ ወፍራም ጥቁር ድመት አሳየቻቸው። "ያ ነው የእርስዎ። አጠገቡ መድፍ ቢተኩሱ አይነቃም።"

ልብስ ሰፊዋ ግን ጎንበስ ብለው መደርደሪያው ሥር እያዩ ነበር። "ይቺስ?"

"እሷ አትሆንዎትም እትዬ። ጩኸት ትፈራለች።"

"ማን ነገረሽ?"

አማጯ ልትመልስ አፏን ስትከፍት ማሽኑ መጭመቅ ጀመረ። ወለሉ ተንቀጠቀጠ፣ ሳህኖቹ ተንቀጫቀጩ፣ ድመቶቹ ሁሉ ወደየጥጋቸው ተበተኑ። መድፍ አያነቃውም የተባለው ጥቁሩ ቀድሟቸው ነበር። ከመደርደሪያው ሥር ግን መጀመሪያ አንድ ጭንቅላት፣ ቀጥሎ አንድ ትከሻ ብቅ አለ። ሰጋቱራ ሁለቱን ሴቶች ምንም ሳትላቸው በመሃላቸው አለፈች። ሳህኗ ጋ ቆማ ጥቂት በላች። ከዚያ የሚንቀጠቀጠው ማሽን ላይ ዘላ ወጣች፣ እጆቿን ከደረቷ ሥር አጠፈች፣ ዓይኗን ጨፈነች።

"ጩኸት የምትፈራው ይቺ ናት?" አሉ ልብስ ሰፊዋ።

አማጯ አፈረች፤ ወዲያው ደግሞ ደስታው መጣባት። አራት ወር ሙሉ የሰጋቱራ ሳህን ባዶ ሆኖ የሚገኘው ከልብስ አጠባው በኋላ ነበር። ብቻዋን ስትሆን ነው የምትበላው ብላ ይበልጥ ብቻዋን አደረገቻት። ለካ በሩን ዘግታ የምትሸሸው ጩኸት ነበር የድመቷ ምሳ ሰዓት።

"መጋዙ ሲጮህ እናቷ አጠገቧ ነበረች" አለች ማሽኑ ሲቆም። "መጋዙ ዝም ያለ ቀን እናቷም የለች። እኛ ደግሞ ጸጥታ እየፈለግን ሰጠናት።"

"እንግዲያ ስጪኛ።"

"አብሬዎት ሄጄ ካላየሁ አልሰጥም። ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ።"

"አንቺን አማጭ ናት አሉኝ እንጂ ሙሽራ መሆንሽን መች ሰማሁ" አሉ ልብስ ሰፊዋ፤ ቅርጫቱን ራሳቸው አነሱት።

ልብስ ስፌት ቤቱ ጠባብ ነው፤ አራት ማሽኖች ይሠራሉ፣ ከአራቱ ሴቶች አንዷ ስለ አማቷ እየጮኸች ታወራለች። አማጯ ቅርጫቱን መቁረጫ ጠረጴዛው ሥር አስቀምጣ ክዳኑን ከፈተች። ሰጋቱራ ብዙ አላስጠበቀችም። ወጣች፣ ቁርጥራጭ ጨርቁን አሸተተች፣ አንድ ቀይ ክር በጥፊ መታች።

"እስኪ ሁላችሁም አንዴ አቁሙልኝ" አለች አማጯ።

ቤቱ ዝም አለ። የድመቷ ጆሮዎች ወደ ኋላ ተጣበቁ፤ በሆዷ እየተሳበች ቅርጫቱ ውስጥ ተመልሳ ገባች።

"ውይ እናቴን፣ አናሰቃያት" አለች ባለ አማቷ ሴት፣ ማንም ሳያዛትም ማሽኗን አስነሳች። ሌሎቹም ተከተሉ። ሰጋቱራ እንደገና ወጣች። በዚህኛው ጊዜ በቀጥታ ወደ ልብስ ሰፊዋ ማሽን ሄዳ ከፔዳሉ አጠገብ ተጋደመች።

"ሌሊትስ?" አለች አማጯ። "ሌሊት ማሽን አይሠራም።"

አራቱም ሴቶች ባንድነት ሳቁ።

"ባለቤቴን አልሰማሽውማ" አሉ ልብስ ሰፊዋ። "ሲያንኮራፋ ጎረቤት ግድግዳ ይደበድባል። ሠላሳ ዓመት ምን በድዬ ነው እያልኩ አምላኬን ስጠይቅ ነበር፤ መልሱ ዛሬ ገና መጣልኝ።"

አማጯም ሳቀች። ከመጠለያው የያዘችውን ምግብ ሳህን ላይ ገለበጠችላት። ሰጋቱራ አራት ማሽን እየጮኸ፣ ስድስት ሴት እያያት፣ ሳህኑን እስኪጠራ ላሰችው።

የመጠለያው ደንብ ቅርጫቱ አሥራ አምስት ቀን ከድመቷ ጋር ይቆይ ይላል። ካልተስማሙ መመለሻ ነው፤ ክዳኑ ላይም "ካልሆነ ይደውሉ" የሚል ወረቀት ከነስልክ ቁጥሩ ተለጥፏል። ደንቡን ያወጣችው ራሷ አማጯ ናት። የሰጋቱራ ቅርጫት ሁለቱንም ጊዜ ድመቷን ይዞ ነው የተመለሰው።

"ቅርጫቱን የት ላስቀምጥልሽ?" አሉ ልብስ ሰፊዋ።

"ይስጡኝ፣ ይዤው እሄዳለሁ።"

"እንዴ፣ ካልለመደችንስ? በምን አመጣታለሁ?"

"አያመጧትም። ባለቤትዎ ማንኮራፋቱን ከተዉ ይጥሩኝ፣ እኔ መጥቼ አንኮራፋላታለሁ።"

ቅርጫቱን ክንዷ ላይ አንጠልጥላ ወጣች። መንገዱ ጥግ ካለው አትክልት ሻጭ ዘንድ ስትደርስ ቆመችና ወረቀቱን ከክዳኑ ላይ ላጠችው። ከዚያ ሁለት ኪሎ ሽንኩርት አስመዝና ቅርጫቱ ውስጥ አስገለበጠች።