የሳገር ቤት አና

የታሪክ አስተማሪያችን «ከክፍሉ ማንም ሰምቶት የማያውቀውን የአንድ መንደር ታሪክ ጻፉ» ስትለን ጓደኞቼ በሙሉ ስልካቸውን አውጥተው መንደር ፍለጋ ገቡ። እኔ ግን አልቸኮልኩም። ለንደን ዋይት ሲቲ፣ እኛ ሕንፃ፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ አንድ መንደር በጭንቅላታቸው ይዘው የተቀመጡ ሰው አውቃለሁ።

ጋሽ መርሃዊ ይባላሉ። አስመራ ተወልደው፣ በአማርኛ ተምረው፣ ለንደን ያረጁ ሰው ናቸው። መሃል ላይ፣ ሰላሳ ዓመት ሳይሞላቸው፣ ሁለት ዓመት በስደተኝነት ኦበርቪዝ በሚባል የኦስትሪያ መንደር ኖረዋል። ይህን የማያውቅ የሕንፃው ነዋሪ የለም፤ ሊፍት ውስጥ አብሮአቸው የገባ ሁሉ ሰምቷል።

«ጋሽ መርሃዊ፣ ስለ ኦበርቪዝ ይንገሩኝ። ማርክ አለው።»

«ሰላምታ የሚባል ነገር ቀርቷል?»

«ጤና ይስጥልኝ። ስለ ኦበርቪዝ ይንገሩኝ።»

«አንቺ ምላሳም፣ ግቢ።»

ገባሁ። ስልኬን ሪከርድ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

መንደሩ ሁለት መቶ ሰው፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ የእንግዳ ማረፊያ፣ ከሰው የሚበልጥ ደግሞ ላም አለው። ድሮ ከተራራው የበረዶ ናዳ ወርዶ ግማሹን ቤት ከነሰዉ ዋጠው። የተረፉትን ቦታ ቀይሩ ቢሏቸው እምቢ አሉ፤ እዚያው ናዳው የወረደበት ላይ መልሰው ሠሩ።

«ግትር ሕዝብ ነው» አሉ ጋሽ መርሃዊ።

«እንደ እርስዎ።»

«ዝም ብለሽ ጻፊ።»

የመጀመሪያውን ወር ማንም አላናገራቸውም አሉ። መንገድ ላይ በእግዚአብሔር ስም ሰላምታ ይሰጧቸዋል፤ ከዚያ ወዲያ ቃል የለም። ያስጠጋቻቸው አና የምትባል ባሏ የሞተባት ገበሬ ነበረች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጥቁር ደመና መጣ። እዚያ አገር በረዶ ሊጥል ሲል ደመናው እንዲበተን የቤተ ክርስቲያኑን ደወል ይደውላሉ። ደዋዩ ማሳ ላይ ስለነበር አናና ጋሽ መርሃዊ ሮጠው ገመዱን ጎተቱ።

«ደመናው ተበተነ?»

«የት ይበተናል! በረዶው ጎመኑን በሙሉ ፈጀው። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳገር መርሃዊ አሉኝ። እሷን ሳገር አና ነበር የሚሏት። በአባቷ ስም ጠሩኝ፣ ገባሽ? እንደ ወንድሟ።»

 ከዚህ በኋላ ያለውን እኔም አውቀዋለሁ። የለንደን ወረቀታቸው ሲያልቅ ለአና «ለሚቀጥለው ድርቆሽ አጨዳ መጥቼ አግዝሻለሁ» ብለው ወጡ። አልሄዱም። መጀመሪያ ሥራ፣ ቀጥሎ ልጅ፣ ከዚያ ሐፍረት። ከሰላሳ ዓመት በኋላ ነው ደፍረው የጻፉት። ሦስት ደብዳቤ ላኩ፤ ሦስቱም ሳይከፈቱ ተመለሱ።

«ሁለት መቶ ሰው ባለበት መንደር ፖስተኛ አናን ያጣታል?» አሉ። «ራሷ ናት የመለሰችው። ሐቋ ነው።»

ልጃቸው ዳኒኤል ከኩሽና ብቅ ብሎ በእንግሊዝኛ «ራኬብ፣ ተዪው» አለኝ። ደብዳቤ በተመለሰ ቁጥር አባቱ ሳምንቱን ሙሉ ምግብ አይቀምሱም። እኔ ግን ተዪው ሲሉኝ የመተው ልምድ የለኝም። እማዬን ጠይቁ።

ለፕሮጀክቱ ፎቶ ስለሚያስፈልገኝ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የአናን ቤት ፎቶ በስልኬ አነሳሁና አጎላሁት። የበሩ መቃን ላይ የተቀረጸ ጽሑፍ አለ።

«ጋሽ መርሃዊ፣ የአና አባት ስንት ዓመታቸው ነበር?»

«ምን አገባሽ?»

«በሩ ላይ ሳገር ይላል። ከሥሩ ደግሞ 1691 ይላል። ትንሽ ሳያረጁ አልቀሩም።»

መነጽራቸውን አደረጉ። «የአያት ቅድመ አያቷ ይሆናላ!»

የመንደሩን ድረ ገጽ ፈልጌ በስልኬ አስተረጎምኩት። ታሪካችን የሚል ክፍል አለው። ከናዳው በኋላ ባለቤቶቻቸው ያለቁባቸው ቤቶች ዳግም ሲሠሩ ሌሎች ሰዎች ገቡባቸው፤ የሞቱት ስም እንዳይጠፋ ብለው ግን የቤቶቹን ስም ያዙ። ዛሬም እንደዚያው ነው። ሰው ቤቱን አይሰይምም፤ ቤቱ ነው ሰውን የሚሰይመው። ሌላ የቤተሰብ ስም አላቸው፤ ለወረቀት ብቻ። የመንደሩ ፖስታ ቤት ከተዘጋ ቆይቷል፤ ደብዳቤው የሚለየው ከተማ ሄዶ ነው።

«ስለዚህ ሳገር አባታቸው አይደለም፤ ቤታቸው ነው» አልኩ። «ከተማ ያለው ፖስታ ቤት አና ሳገር የምትባል ሰው አያውቅም። የወረቀት ስማቸው ማን ነው?»

ጋሽ መርሃዊ አፋቸውን ከፍተው አዩኝ። «ሁለት ዓመት አብሬአት ኖሬ... ጠይቄአት አላውቅም። ሳገር አና ነቻ!»

«እኛ አገር ከስም ጋር የሚጠራው የአባት ስም ስለሆነ እዚያም እንደዚያ መስሎዎት ነው።» የእንግዳ ማረፊያው ስልክ ቁጥር ገጹ ላይ ነበረ። መምታት ጀመርኩ።

እጃቸውን ስልኬ ላይ ጫኑበት። «አትደውዪ። ዘጠና ዓመቷ ነው። ሞታስ ከሆነ?»

«ሞተው ከሆነ ያለቅሳሉ። አሁን ግን አና ያላደረጉትን አደረጉ ብለው ነው የተቀየሟቸው።»

ዳኒኤል ስሜን በቁጣ ጠራ። ጋሽ መርሃዊ ግን እጃቸውን አነሱ።

የእኔ ጀርመንኛ የሦስት ዓመት የትምህርት ቤት ጀርመንኛ ነው፤ ዓሣ ማዘዝና ባቡር ጣቢያው የት ነው ማለት እችላለሁ። አንዲት ሴት አነሳች። «ሳገር አና አሉ?» አልኩ። ማነው የሚባለው፣ የቱ አና፣ ምናምን አላለችም። በቀጥታ «አዎ፣ ማን ልበላት?» አለች።

ጋሽ መርሃዊን አየኋቸው። «ሳገር መርሃዊ» አልኩ።

 ከዚያ ሴትየዋ ቤት ውስጥ ላሉት ሰዎች የሆነ ነገር ጮኸች፤ ወንበር ሲንቋቋ ተሰማ። ስልኩን ይዛ ስትሮጥ ነፋሱ፣ የላም ቃጭሉ፣ በር ሲንኳኳ፣ ሁሉም በስፒከር ጋሽ መርሃዊ ሳሎን ውስጥ ገባ። መጨረሻ ላይ የአሮጊት ድምፅ መጣ፤ ቀጭን፣ ግን ቁጡ።

ጋሽ መርሃዊ ተነስተው ቆሙ። ያወሩት እኔ ከማውቀው ጀርመንኛ ጋር ዝምድና የለውም። አንድ ጊዜ ሳቁ፣ ብዙ ጊዜ አንገታቸውን ደፉ። ሲጨርሱ ዓይናቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ።

«ምን አሉ?»

«መጀመሪያ ያለችኝ፣ ‹ድርቆሹን ዝናብ አበላሸው› ነው። የዚያን ዓመቱን! እኔን ስትጠብቅ።»

«ደብዳቤውስ?»

«አንድም አልደረሳት።» ተቀመጡ፣ ወዲያው ደግሞ ተነሱ። «ዘንድሮ አጨዳው ጁን መጨረሻ ነው። አሁንም ራሷ ናት የምታዝዘው።»

«አባዬ፣ ጉልበትህ...» አለ ዳኒኤል።

«ጉልበቴን ማን ጠየቀህ? ይቺ ትረዳኛለች። አንቺ፣ ፓስፖርትሽ አለ?»

«አለ። ግን እማዬ...»

«ለእናትሽ ለጌጤነሽ እኔ እነግራታለሁ። አንቺ የመንሽ አያያዝ ተማሪ።»

ኩሽና ገብተው መጥረጊያ ይዘው ወጡ። አምስተኛ ፎቅ ላይ፣ ምንጣፉ መሃል፣ እግራቸውን ከፍተው ቆሙና የሌለውን ሣር ከታች አንስተው ገለበጡት።

«ከክንድሽ አይደለም» አሉኝ መጥረጊያውን እየሰጡኝ። «ከወገብሽ ነው። በይ።»