የኔም አትግዙ

አሰለፈች የመጨረሻውን ባልዲ በማጥለያው ጨርቅ ላይ ገልብጣ ማሩ ወደ በርሜሉ ሲወርድ ስታይ፣ የልጇ ልጅ ናዝራዊት ደጃፉ ላይ ተቀምጣ በስልኳ ትስቅ ነበር። ቅዳሜ ነው፤ ገበያተኛው በሺሺንዳ መንገድ መግባት ጀምሯል። አሰለፈች ቦንጋ ላይ ሠላሳ ዓመት ማር ሸጣለች። ማርሽ አሳመመኝ ያላት ሰው የለም። ደፍሮ የሚላትም የለም።

"ምን ያስገለፍጥሻል?" አለቻት።

ናዝራዊት ቢሮ ውስጥ ደብዳቤ የምታረቅ፣ ሲተርፋት ደግሞ የማር ነጋዴዎችንና የንብ አርቢዎችን የቴሌግራም ግሩፕ የምታስተዳድር ልጅ ናት። የማንኪራው ቢሻው ትናንት አመሻሽ ላይ አንድ ነገር ጽፎ ኖሮ፣ ግሩፑ በሳቅ አልቋል። ቢሻው ቀፎውን ጫካ ውስጥ ዛፍ ላይ ሰቅሎ ማር የሚቆርጥ ሰው ነው። አማርኛን የተማረው ከአፍ መፍቻው ከካፊኖኖ በኋላ፣ ያውም ገበያ ላይ ነው። ጡረታ የወጡት መምህር ጋሽ ሰብሃት ሳይቀሩ ከጽሑፉ ሥር "አሥራ አንድ ስህተት" ብለውበታል።

ናዝራዊት ግን አዝናለት ጽሑፉን አጥፍታ በደንብ አድርጋ ጻፈችለት። ኮራ ብላ አነበበችው። "በአንዳንድ አካባቢዎች ከኬሚካል አጠቃቀም ጋር በተያያዘ በማር ጥራት ላይ ሊከሰት የሚችለውን ችግር ከግምት ውስጥ በማስገባት፣ ኅብረተሰቡ ተገቢውን ጥንቃቄ እንዲያደርግ እናሳስባለን።"

"እና ምን ሆነ ነው የሚለው?"

"ያው ተጠንቀቁ ነው፣ እማማ።"

"ከምኑ?"

ናዝራዊት ትከሻዋን ሰበቀች። አሰለፈች የራሱን የቢሻውን እንድታነብላት አዘዘቻት። ልጅቷ ኮፒ አድርጋ ይዛው ስለነበር ፈልጋ አነበበችላት።

"እኔ ቢሻው ነኝ ማንኪራ። ሰው በቆሎ ላይ መድኃኒት ረጨ። ንብ ሞተ። ከሐሙስ ወዲህ የተቆረጠ ማር ከዚህ ሰፈር አትግዙ። የኔም አትግዙ። ልጅ ይበላል።"

አሰለፈች ፊደል አልቆጠረችም። ጽሑፍ ለእሷ ድምፅ ነው፤ የተጣመመ ፊደል በጆሮ አይታይም። የገባት ነገሩ ብቻ ነው። ዓይኗ በርሜሉ ላይ ቀረ። አሁን የገለበጠችው ባልዲ ዐርብ ጠዋት በመኪና የመጣላት የቢሻው ማር ነው። ከሥሩ ያለው ከቢታ ገነት የመጣ ንጹሕ ማር ነበር። ከእንግዲህ ሁለቱን የሚለያይ የለም።

"ማንኪራ የሚለውን የት ጣልሽው? የኔም የሚለውንስ?"

"በሥርዓቱ ሲጻፍ እኮ ስም አይጠራም።"

"ስም ካልተጠራ ማን ይጠንቀቅ? ሰውዬው የገዛ ማሩን አትግዙ ብሎ አደባባይ ወጣ። ከዚህ ከተማ ወንድ ይህን የሚያደርግ እስቲ አንድ ጥሪልኝ። አንቺ ሰፈፍ አለው ብለሽ ማሩን ደፋሽው።"

በዚህ መሃል ጋሽ ሰብሃት ጠርሙሳቸውን ይዘው ገቡ። የልጅ ልጆቻቸው ከጅማ መጥተዋል፤ ከማንኪራው ነጭ ማር አንድ ኪሎ ይፈልጋሉ።

"የቢሻውን ጽሑፍ አንብበዋል አሉ፣ ጋሼ" አለች አሰለፈች።

"አንብቤ ነው እንጂ። አሥራ አንድ ስህተት። አንድ ቦታ እንኳ አራት ነጥብ የለውም።"

"ምን ይላል?"

ጋሽ ሰብሃት መነጽራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አደረጉ። ናዝራዊት ስልኩን ሰጠቻቸው። በከንፈራቸው ብቻ አነበቡ። መጨረሻው ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አወለቁ፤ ጠርሙሱንም ወደ ፌስታሉ መለሱት።

አሰለፈች ደወለች፤ ቢሻው ስልኩን ያነሳው በሦስተኛው ጥሪ ነው። "እትዬ፣ ባልዲው ከሄደ በኋላ ነው ያየሁት። ደወልኩ፣ ስልክዎ ዝግ ነው። ለዚያ ጻፍኩ። ሰው ሳቀ። ሁለተኛ አልጽፍም።"

"ይሳቁ። ቀድመው አንብበውልኝ ቢሆን ባልዲህን አልገለብጠውም ነበር። ጽሑፍህ ይመለሳል። ጋሽ ሰብሃት ፊደሉን ያቃኑልሃል፤ ቃልህን ግን ማንም አይነካብህም።"

ቢሻው ፊደሉ ከተቃናማ ጥሩ ነው አለ፤ ያሳፈረው እሱ ነበር።

ጋሽ ሰብሃት በርጩማ ላይ ተቀምጠው ጽሑፉን ማቃናት ጀመሩ። አሰለፈች በየመስመሩ ታስነብባቸዋለች። ልማድ ሆኖባቸው "ልጅ ይበላል" የሚለውን "ሕፃናት ሊመገቡት ስለሚችሉ" ሊያደርጉት ሲሉ፣ "እዚያ ላይ እጅዎን ያንሱ" አለቻቸው። አነሱ። አርባ ዓመት ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ አንድ ነገር ሲገባቸው ይገባቸዋል። "አሥራ አንድ ስህተት" ያሉትንም በገዛ እጃቸው አጠፉት። ሥራው ሲያልቅ ጽሑፉ ያው የቢሻው ነበር፣ ፊቱን ታጥቦ የመጣ።

አንዲት ገበያተኛ ማሰሮ ይዛ በሩ ላይ ቆመች። አሰለፈች በርሜሉን አየችው፤ እስከ አፉ ሞልቷል። ሲቀላቀል ያየ ሰው የለም። ናዝራዊት እንኳ ያኔ ስልኳ ላይ ነበረች።

"ከቢሻው ሥር ጨምሪበት" አለቻት። "የአሰለፈችም አትግዙ በይ።"

ናዝራዊት ቀና ብላ አየቻት። "እንዴት አድርጌ ልጻፈው፣ እማማ?"

"እንደ ቢሻው" አለችና የበርሜሉን ክዳን ገጠመች።