በየትኛዋ ላስገባ?

ሽቦ ለእናቱ የሠራላት ሳጥን ከሳሙና ብዙም አትተልቅም። ከላይ አንድ ማዞሪያ፣ ከጎን አንድ ማቆሚያና ማስቀጠያ ቁልፍ፣ ሆዷ ውስጥ ደግሞ ጥፍር የምታክል ቺፕ አለቻት። ሰፈሩ «ሽቦ» ያለው ሬዲዮና ስልክ ጠጋኝ ስለሆነ ነው፤ ቅጥነቱም ስሙን አግዞታል።

ሳጥኗ የአባቱን ድምፅ ይዛለች። አባቱ ልብስ ሰፊ ነበር። ከመሞቱ በፊት አንድ ከሰዓት የስፌት መኪናው ላይ ተቀምጦ እየሰፋ የወጣትነቱን ነገር ሲያወራ፣ ሽቦ ስልኩን ጨርቁ መሀል አስቀምጦ ቀዳው። እናቱ ያንን ቅጂ ስትሰማ ኖረች። ዓይኗ እየደከመ ሲሄድ ግን የስልኩን መስታወት በጣቷ በነካካች ቁጥር ወሬው ከመጀመሪያው ይነሳባታል።

«አባትህ በቁሙ እንኳ እንዲህ አልደጋገመብኝም» አለችው አንድ ቀን።

«ከፈለግሽው ቦታ የሚነሳ እሠራልሻለሁ» አላት።

ሥራው እንደ አፍ አልቀለለም። የስልኩ ፋይል ቦታ እንዳይፈጅ የታጨቀ ነው፤ አንዱ ሰከንድ ሰፊ ቦታ ይይዛል፣ ሌላው ጠባብ። ቺፗ መሀሉን ስትፈልግ መድረሻዋ ይጠፋትና ትንተባተባለች። ስለዚህ ሽቦ ፋይሉን ዘረጋው። ሰከንዱ ሁሉ እኩል ቦታ ያዘ፤ የትኛውንም ቦታ ማግኘት ተራ ማባዛት ሆነ። የተዘረጋው ፋይል ግን አብጦ ሚሞሪው አልበቃው አለ። ተለቅ ያለ ሚሞሪ ከመንገዱ ማዶ ይሸጣል። ሽቦ ለእናቱ «ዛሬ» ብሏት ስለነበር መንገዱን መሻገር ታከተው። ኮምፒውተሩ ላይ ዝምታን እየፈለገ የሚቆርጥ ፕሮግራም ነበረው፤ እሱን ተጫነ። ፋይሉ ልክክ ብሎ ገባ። በዚያው በድሮው ስም፣ በሙሉው ቅጂ ላይ ደርቦ አስቀመጠው፤ ስልኩ ላይ ያለውንም ሁሉ ጠራርጎ ለእህቱ ሰጣት።

እናቱ ማዞሪያውን በሁለት ጣቷ ይዛ ወደ መሀል አመጣችው።

«ዓይኔ መርፌዋን ሁለት አድርጎ ያሳየኛል» አለ አባቱ። «በየትኛዋ ላስገባ?» ወዲያው፣ ትንፋሽ ሳይወስድ፣ «ታዲያ ያ አለቃዬ ኮቱን ገልብጦ ለብሶ ብቅ አይልም?» ብሎ ቀጠለ።

እናቱ ወደኋላ መለሰችው። ደግማ ሰማችው።

«እዚህ ጋ ዝም ይል ነበር» አለች። «መርፌውን ይሰጠኝና ክሩን አስገባለታለሁ። ‹በሌለችዋ አስገባ› ስለው በአፍንጫው ይስቃል።»

የሽቦ ጆሮ ጋለ። ያን ለት እናቱ ከስልኩ ራቅ ብላ፣ በለሆሳስ ነበር የተናገረችው። ፕሮግራሙ ከዝምታ ቆጥሯታል። በዚያ ሁሉ ወሬ ውስጥ እሷ ያለችበት ቦታ ደግሞ ያ ብቻ ነበር።

«ድሮም እንዲህ ነው እማዬ። ተምታቶብሽ ይሆናል።»

እናቱ ማዞሪያውን ለቀቀችው። «ይሆናል» አለች።

ከዚያ ወዲህ ነገሯ ሁሉ ተለወጠ። ምድጃውን አጥፍታ ትነሳና ተመልሳ ትዳብሰዋለች። ጎረቤታቸው ፀጉር ሠሪዋ ስትመጣ፣ «ጭንቅላቴ እንደተቀደደ ኪስ ሆነ፤ ያልነበረ ነገር እሰማ ጀመር» አለቻት።

«አይ እትዬ! እኔ የሰው ፀጉር ግማሹን ብቻ ተኩሼ የሸኘሁት እያለሁ?»

ሁለቱም ሳቁ። ሽቦ ምግቡን ገፋ አደረገው። ፀጉር ሠሪዋ ስትወጣ እናቱ የቤቱን ቁልፍ ከመቀነቷ ፈታ ዘረጋችለት። «አንተ ያዘው። እኔ ራሴን አላምነውም።»

ቁልፉ ኪሱ ውስጥ እንደ ፍም አቃጠለው። ሱቁ ገብቶ የተቆረጠውን ፈለገ፤ ከኮምፒውተሩም፣ ከእህቱ ስልክም አንድ ትንፋሽ አልተረፈም። ጨነቀውና መንገዱን ተሻግሮ ትልቁን ሚሞሪ ገዛ፤ ከአባቱ ጥያቄ ቀጥሎም ባዶ ዝምታ ሰካበት።

«ተሳስቼ ነበር» አላት ሳጥኗን ሲመልስላት። «ዝምታው አለ።»

እናቱ ሰማች። አንገቷን አዘንብላ ቆየች።

«ይሄ ባዶ ነው» አለች። «ሰው የለበትም። መኪናዋ እንኳ አትንቋቋም።»

ሽቦ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«እኔ ነኝ የቆረጥኩት፣ እማዬ። ቦታ ጠቦኝ። የቀረ ቅጂ የለም። ተምታቶብሽ አይደለም፤ አንቺ ያልሽው ሁሉ ነበረ።»

«ነበረ?»

«ነበረ።»

«እንግዲያ አላበድኩማ!» ፊቷ ለአፍታ በራ። ከዚያ የቀረው ነገር ገባትና ጠቆረ። «እኔን ነው የቆረጥከኝ በለኛ። ደግሞ ‹ተምታቶብሽ› ትለኛለህ! ለእናትህ!»

  ቁልፉን በዳበሳ አንስታ መቀነቷ ላይ ቋጠረችው።

«ይህን የውሸት ዝምታህን አውጣልኝ።»

እዚያው አጠገቧ ተቀምጦ አወጣው። ሳጥኗን ተቀብላ ማዞሪያውን ወደ መሀል አመጣች።

«በየትኛዋ ላስገባ?» አለ አባቱ።

እናቱ የጎኑን ቁልፍ ተጫነች። ሳጥኗ ቀጥ አለች።

«በሌለችዋ» አለች በለሆሳስ።

አውራ ጣቷና ሌባ ጣቷ የማይታይ ክር ያሾሉ ጀመር። ሽቦ ከወንበሩ ለመነሳትም፣ ለመተንፈስም ፈራ። ክሩ የገባ ሲመስላት የጎኑን ቁልፍ ደግማ ተጫነች፤ አባቱም ካቆመበት ቦታ ወሬውን ቀጠለ።