የወልደ ጻድቅ ምንሽር

ትእዛዙ ከሳውዲ ተባሮ ሰቆጣ ዙሪያ ወዳለው የአባቱ ቤት ሲገባ፣ አባቱ ወልደ ጻድቅ ከሞቱ ዓመት ሊሞላቸው ምንም አልቀረም። ከአያቱ የወረደው ምንሽር ጠመንጃ ይሰቀልበት ከነበረው ግድግዳ ላይ አልነበረም። ታናሽ ወንድሙ ሸጋው አንግቶት ከእርሻ ሲመለስ አየው።

«የበኩር ልጅ ነው የሚይዘው» አለ ትእዛዙ፣ ገና ሰላምታውን ሳይጨርሱ።

«እዚህ የነበረ ነው የሚይዘው» አለና ሸጋው በሬዎቹን ሊያስር ሄደ።

ከዚያ በኋላ አንድ ገበታ ቀርበው እየበሉ እንኳ ቀና ብለው አይተያዩም ነበር። ፍየሎቹ በድርቁ አልቀው ስለነበር ፋሲካውም ያለ ሥጋ አለፈ። እናታቸው ለተጊዮርጊስ ነገሩ ሲከብዳት፣ «አባታችሁ ያደርግ እንደነበረው አብራችሁ ቆላ ውረዱና አጋዘን ይዛችሁልኝ ኑ» አለቻቸው። አብረው ሲውሉ ይታረቃሉ ብላ ነው። እምቢ ያላት የለም።

ጎህ ሲቀድ ወደ አበርገሌ ቁልቁል ወረዱ። ገደሉ አፋፍ ሲደርሱ ሸጋው ከድንጋይ ጀርባ ቦታ ያዘ።

«አንተ ከሥር ግባና አስነሳ። እኔ እዚህ እጠብቃለሁ።»

«አንተ መሣሪያ ይዘህ ትቀመጥ፣ እኔ እንደ ውሻ እሾህ ለእሾህ ልሩጥ?»

«መሣሪያ ከያዝክ ዘመን አልፏል። እጅህ ረስቷል።»

ትእዛዙ ምራቁን ተፍቶ ወረደ። ቁጥቋጦውን በድንጋይ እየመታ፣ እየጮኸ ወደ ላይ ሲመለስ፣ ዓይኑ ከአውሬው ይልቅ አፋፉ ላይ ወዳለው አፈሙዝ ይሄድ ነበር። ወንድሙ ማንን እንዳነጣጠረ ከታች ሆኖ መለየት አልቻለም።

ድንገት ቀንዱ የተጠማዘዘ ወንድ አጋዘን ከፊቱ ተነሥቶ ሽቅብ ዘለለ። ምንሽሩ ጮኸ። አጋዘኑ ዳሌው ተመትቶ ወደ ደረቁ ወንዝ ተንከባለለ።

ሳይባረክ ከሞተ አይበላምና ሸጋው እየሮጠ ወረደ። ምንሽሩን ቋጥኝ ላይ አስደግፎ፣ ቢላዋውን መዝዞ «በስመ አብ» ብሎ አረደው። ቀና ሲል ምንሽሩ ትእዛዙ እጅ ላይ ነው። ጥይት አጉርሶ ደረቱ ላይ ደቅኖበታል።

«አስቀምጠው» አለ ሸጋው።

«አባቴ መሞቱን ከማን እንደሰማሁ ታውቃለህ? ሊያባርሩኝ ይዘው ያሰሩኝ ቦታ፣ አንድ የዚህ ቆላ፣ የኒሯቅ ከተማ ልጅ ‹ነፍስ ይማር፣ አባትህ ጥሩ ሰው ነበሩ› አለኝ። እኔ ግን በደወልኩ ቁጥር ‹ደህና ነው፣ ተኝቷል› ትለኝ ነበር።»

«ብነግርህ ምን ታደርግ ነበር?»

«አለቅስ ነበር።»

ሸጋው ቢላዋውን ሱሪው ላይ ጠረገ። መለመን ይችል ነበር፤ አልለመነም።

«ልንገርህ» አለ። «ሲታመም የማጥበው እኔ፣ የማገላብጠው እኔ። ዓይኑን በገለጠ ቁጥር ግን ‹ትእዛዙ መጣ?› ነው የሚለው። እስከ መጨረሻዋ ቀን የእኔን ስም አንዴም አልጠራም። ስለዚህ አልነገርኩህም። ዛሬም ቢሆን አልነግርህም ነበር።»

የትእዛዙ ጣት ምላጩ ላይ ነበር። ፊቱ ሲለዋወጥ ሸጋው አየ፤ ጥይቱን ጠበቀ። ትእዛዙ ግን አፈሙዙን ዝቅ አደረገ፣ ምንሽሩን አነገተ።

«ከእንግዲህ ወንድም የለኝም» አለና የኒሯቅን መንገድ ይዞ ሄደ።

ሸጋው አጋዘኑን ብቻውን ገፈፈ። የአንድ ሰው ሸክም ስላልነበር አንድ ጭንና ቆዳውን ይዞ፣ የቀረውን ለአሞራ ትቶ ዳገቱን ወጣ።

«ወንድምህስ?» አለች ለተጊዮርጊስ።

«ምንሽሩን ይዞ ሄደ።»

«ምን አልከው?»

ያለውን ሁሉ ነገራት። ሥጋውን ለጎረቤት ላከችው፤ እሷ አልቀመሰችውም።

ትእዛዙ ኒሯቅ ቤት ተከራይቶ የሰው ማሽላ ይጠብቃል። እናቱ በየወሩ ልታየው ትወርዳለች። አህያዋን የሚጭንላት ሸጋው ነው፤ ኒሯቅ ከሩቅ እስክትታይ ይሸኛትና ይመለሳል። እስከ አሁን አንድም ቃል ልኮባት አያውቅም፤ ከታችም የተላከ ቃል የለም።