አማቹ የቀባው ግድግዳ

የስልክ ቪዲዮ ያስተማረው እጅ እንግዲህ ይኸው ነው፣ ምን ይጠበቃል፣ ቀቢው መሰላሉ ሦስተኛ ደረጃ ላይ ቆሞ በልቡ ያሽሟጥጣል፣ ግድግዳውን በጥፍሩ ነካ ሲያደርገው መዳፍ የሚያህል ቀለም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተጠቅልሎ ይመጣል፣ ሳያየው ወደ ወለሉ ይጥለዋል፣ አይ የኔ ምሁር! የሴት ልጁ ባል ነው የቀባው፣ ከስድስት ወር በፊት፣ ክራቫቱን ፈትቶ፣ በአንድ ቅዳሜ። በአንድ ቅዳሜ! እሱ ሠላሳ አንድ ዓመት ቀብቶ ዛሬም አንድ ክፍል በቀን እጨርሳለሁ ብሎ አፉን ሞልቶ አይናገርም።

ይኼ ግድግዳ እኮ የሱ ነበር። ሳሎኑን ለሁለት ለመክፈል አዲስ የተሠራ ግድግዳ፣ ለልጁ ሠርግ ብሎ በገዛ እጁ የቀባው፣ የዘይት ቀለም፣ ሦስት እጅ፣ ፊትህን የምታይበት፣ እዚያ ላይ ነው አማች ተብዬው ሄዶ ጠመኔ የመሰለ ፕላስቲክ ቀለም የደፋበት። ለምን ሲባል፣ አባባ፣ መልኩን መቀየር ፈልገን ነው። መቀየር! ስጦታ ይቀየራል? ከዚያን ቀን ወዲህ የዚህን ቤት ደጃፍ አልረገጠም፣ ከልጁ ጋር በስልክ ብቻ፣ ከኋላዋ አማቹ ሰላም በይልኝ ሲል ከተሰማው ሳል ይይዘዋል።

ዛሬ የመጣው ስለ ልጅ ልጁ ነው። ልጁ የእርግዝናዋን ስምንተኛ ወር ይዛለች፣ ክፍሉ የሕፃኑ ሊሆን ነው፣ ትንሿ አልጋ ከነላስቲኳ መሃል ቆማለች፣ ትናንት ደውላ፣ አባዬ ግድግዳው እየተላጠ ነው፣ ልጄ አንስቶ አፉ ውስጥ ይከተዋል ብዬ ፈራሁ፣ ና፣ አለች። ና ካለችማ። መጣ፣ ሰላምታውንም በቅጡ ሳይጨርስ መሰላሉ ላይ ወጣ፣ ምክንያቱም በልቡ ይዞት የመጣው ነገር አለ፣ የዚያን ሰውዬ ጥፋት ዛሬ በማስረጃ ያሳያታል፣ ይኸውልሽ ባልሽ፣ የናቀውን ሥራ እንዴት እንዳበላሸው እዪ፣ ይላታል፣ ከዚያ ማን እንደሚበልጥ ራሷ ትፍረድ።

አማቹ በሩ ላይ ብቅ ይላል። አባባ መሰላሉን ልያዝልዎት? አያስፈልግም። ሻይስ? አያስፈልግም። እሺ አባባ። እሺ አባባ፣ እሺ አባባ፣ አጥንት የሌለው ሰው፣ የሚያበሽቀውም ይኼው ነው፣ አንድ ቀን ቢመልስለት እኮ ተጣልቶት ይገላገል ነበር። ዕቃዎቹንም ደርድሮለታል፣ ጉድ እኮ ነው፣ ሮለሩ ሳይታጠብ ደርቆ ዱላ ሆኗል፣ ብሩሹ ተንጨባሯል፣ ብሩሽ ማለት ሥራ ሲያልቅ ታጥቦ፣ ተበጥሮ፣ በወረቀት ተጠቅልሎ ነው የሚያድረው፣ የራሱ ብሩሽ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፣ ከስንቱ ትዳር ይበልጣል። ቀለም እንዳይነካው መስኮቱ ጠርዝ ላይ የለጠፈው ስኮች ደግሞ እስካሁን አልተነሳም፣ ስድስት ወር! ስኮች ቀለሙ እርጥብ ሳለ ነው የሚነሳው፣ አንተ ፋራ፣ ከደረቀ ጠርዙን ገንጥሎት ይወጣል፣ ይኼን ስልክህ አልነገረህም?

ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ለአጣሪው። ሰዉ መቀባት ማለት መቀባት ይመስለዋል፣ መቀባት ማለት መፋቅ ነው፣ ማጠብ ነው፣ ስንጥቁን በስቱኮ ደፍኖ መጠበቅ፣ በብርጭቆ ወረቀት መሞረድ፣ ብናኙን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ እንደገና መጠበቅ፣ ቀለሙ ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው የሚመጣው። ያብረቀረቀ ዘይት ላይ ሳትሞርድ ፕላስቲክ ከደፋህ ምኑን ይዞ ይቁም? ጥጋጥጉን ቀድመህ በብሩሽ፣ ከዚያ ሮለር፣ ከላይ ወደ ታች፣ ያለፈው ሳይደርቅ ቀጣዩን እያገናኘህ፣ የዚህኛው ግን ያረፈበት ሁሉ ይታያል፣ እዚህ ጋ ስልክ ተደውሎለታል፣ እዚህ ጋ ምሳ ሄዷል። ይህን ወሬ ያልሰማ ባለሙያ የለም፣ አማቼ ቀለም በስልክ ተማረ ብሎ በሄደበት ሁሉ አስቋል፣ ይህን ግድግዳ የሠራው ግንበኛ ሆዱን ይዞ ነው የሳቀው። ይገባዋል! በሠርጉ ቀን ለዘመዶቹ ሲያስተዋውቀው፣ በኮንስትራክሽን ዘርፍ የተሰማሩ ናቸው። የተሰማሩ። ቀቢ ናቸው ለማለት አፈረ።

በል ማስረጃው ይውጣ፣ መፋቂያውን ከቀለሙ ጠርዝ ሥር ያስገባል፣ ገፋ፣ ሳህን የሚያህል ቁራጭ ተገንጥሎ እጁ ላይ ይወድቃል። ፊቱ ጠመኔ። ይገለብጠዋል። ጀርባው አሸዋ ነው።

አሸዋ ለምን? የአማቹ ብቻ መሆን ነበረበት የሚላጠው፣ ከሥር የራሱ ዘይት ቀለም እያብረቀረቀ መቅረት ነበረበት፣ ግን ግድግዳው ላይ ያለው እርቃኑን የቀረ ልስን ነው፣ ሻጋታ ይሸታል። ሌላ ቦታ ይሞክራል። እንደዚያው። ሁለቱን ቀለም በጥፍሩ ለመለያየት ይታገላል፣ እምቢ፣ እንደ ሥጋና አጥንት ተያይዘዋል፣ በመከራ ጥቂት ሲፈነቅል ዘይቱ ላይ ጭረት ያያል፣ ቀጫጭን፣ ዙሪያ ዙሪያውን፣ የብርጭቆ ወረቀት ጭረት። ሞርዶታል። ይኼ ሰውዬ ሞርዶታል።

የለቀቀው የኔ ነው።

ገና ነው፣ አለው ያኔ ግንበኛው፣ ልስኑ ወር ይቆይ፣ ውሃውን ይትፋ። ሠርጉ ስምንት ቀን ነው የቀረው፣ አንተ ልስንህን ልሰን፣ አለው እሱ። የሙሽራው ዘመዶች ቤቱን ሳያብረቀርቅ እንዳያዩት፣ የቀቢ ልጅ እንዳይሏት፣ መዳፉን አሳርፎ ቅዝቃዜው ተሰምቶት ነበር እኮ፣ ተሰምቶታል፣ እያወቀ ውሃውን በዘይት አፈነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ቀለሙ ያበጠው ከዚያ በኋላ ነው፣ ልጁና ባሏም ያበጠውን ሞርደው፣ ሸፍነው፣ መልኩን መቀየር ፈልገን ነው አሉ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ።

ልጁ ወገቧን ደግፋ ትገባለች። አባዬ፣ ምን ሆኖ ነው? እሱ አፉን ሳይከፍት አማቹ ይቀድመዋል፣ ነገርኩሽ እኮ፣ ሳልሞርደው ቀብቼ ነው፣ የኔ ጥፋት ነው። ይህን ሲል የሚያየው እሷን አይደለም፣ አሸዋማውን ቁራጭ ነው የሚያየው። ያውቃል። ውሸታም፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ ለኔ ብሎ፣ በኔ ፊት፣ በምን አባቱ ያዝንልኛል! ዝም ማለት ብቻ ነው፣ ዝም ካለ ስሙ ይቆማል፣ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ይቆማል፣ ልጁም ትፈርድለታለች፣ ዝም፣

ሞርዶታል፣ ይላል፣ ድምፁ ካሰበው በላይ ይጮኻል፣ ባልሽ በደንብ ሞርዶታል፣ እርጥብ ልስን ላይ የቀባሁት እኔ ነኝ።

እናውቃለን እኮ አባዬ፣ ትላለች፣ እንዳይከፋህ ብለን ነው።

እንዳይከፋው። ስድስት ወር ሙሉ ያሾፈ፣ ያኮረፈ፣ ያሳለ ሰው እንዳይከፋው፣ እሷ ደጃፉን እያየች፣ ማን ደረሰላት፣ ማን አብሯት ሐኪም ቤት ወረፋ ያዘ፣ ይኼው እሺ አባባ ባዩ ነው፣ ሌላ ማን፣ ቁራጩን የት እንደሚያኖረው ጠፍቶት ቀና ሲል ሆዷን ያያል፣ ዛሬ ገና በደንብ ያየዋል፣ እንዴት ገፍቷል፣ መቼ ነው ይኼ ሁሉ የሆነው፣ እኔ ሳኮርፍ።