ሹፌሩን የጠራች እጅ

ሚጡ የሚለው የቁልምጫ ስም፣ ትዳር ይዛ፣ ትዳሩም ፈርሶ፣ ሠላሳውን ካለፈች በኋላም አልለቀቃትም። ስሙን ያወጣችላት ታላቅ እህቷ ናት። ሰው አገር ያስመጣቻት፣ ጠባብ ክፍሏን ያካፈለቻት፣ አበባ ማከፋፈያው ቤት ለምና ያስቀጠረቻትም እሷው ናት። «አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል ይባላል፤ አንቺ ግን አፍሽ እስኪፈታ እጅሽ ይሥራ» ብላ መክራ ላከቻት።

ሚጡ የአገሬውን ቋንቋ አታውቅም። ከ«ደህና አደራችሁ» እና ከ«አመሰግናለሁ» ሌላ ከአፏ የሚወጣ ነገር የለም። አገሯ ስትኖር ወሬ ወዳድ ነበረች፤ አሁን ግን ሳቋም ቁጣዋም ጥርሷ ውስጥ ተዘግቶባት ይውላል። ማታ እህቷ በር ስትገባ እንደ ግድብ ውሃ ትለቀዋለች።

ሥራው ያን ያህል አይከብድም። መኪናው ያራገፈውን አበባ ግንዱን እኩል መቁረጥ፣ የታችኛውን ቅጠል መግፈፍ፣ በላስቲክ አስሮ ባልዲ ውስጥ ማቆም፣ ከዚያ ባልዲዎቹን ባለ ጎማ ጋሪ ላይ ደርድሮ ወደ ማቀዝቀዣው ክፍል መግፋት ነው። የማቀዝቀዣው በር ወፍራም ብረት ሆኖ የሰሃን ያህል ክብ መስታወት አለው። ከውስጥ የሚከፍተው እጀታ ከተሰበረ ሰንብቷል። አለቃው «ይሠራል» ይላል፤ እስኪሠራ ድረስ በሩ ሥር የእንጨት ሽብልቅ እየወሸቁ ይገባሉ፣ ይወጣሉ።

ከጠረጴዛው ማዶ የምትሠራው ሴትዮ ስድሳ የሚጠጋት ናት። ሰማያዊ ሻሽ ከራሷ አይወርድምና እህትማማቾቹ «ባለሻሿ» ይሏታል። እሷም ከሌላ አገር የመጣች ናት። የእሷን ቋንቋ ሚጡ አትሰማም፣ የሚጡን እሷ አትሰማም፣ የአገሬውን ደግሞ ሁለቱም አያውቁም። ሚጡ በመጀመሪያው ሳምንት ከፔርሙሷ ሻይ ልትቀዳላት ኩባያ አንስታ በዓይኗ «ልቅዳልሽ?» አለቻት። ባለሻሿ አገጯን ወደ ላይ ቀና አድርጋ በምላሷ «ጭ» አለች። ሚጡ ባደገችበት ቤት ራስን እንዲህ ቀና ማድረግ «እንዴታ!» ማለት ነው። ቀዳችላት። ሻዩ ሳይነካ ቀዘቀዘ። በማግስቱም እንደዚያው ሆነ።

«እትዬ፣ ካልጠጣች ምን አስቀዳት? ንቀት ካልሆነ ምን ይባላል?» አለች ማታ ለእህቷ። ከዚያ ወዲያ ፊት ለፊት ተቀምጠው ተኮራርፈው ይውሉ ጀመር። ሌላው የምታውቀው ሰው አበባውን የሚያመጣው የመኪና ሹፌር ነው፤ ጢሙ አፉን የሸፈነው ግዙፍ ሰው። በየጠዋቱ ዓይን ዓይኗን እያየ እጁን ያነሳላታል። እሷ መሬት እያየች አንገቷን ትሰብራለች። የማታውቀው ወንድ ላይ ዓይኗን ስትተክል ያደገች ሴት አይደለችም።

ቅዳሜ ሥራው ግማሽ ቀን ነው። የዚያን ዕለት አለቃው ቀድሞ ሄደ፤ ሁለቱ ሴቶች የመጨረሻውን ጋሪ እየገፉ ማቀዝቀዣው ውስጥ ገቡ። የጋሪው ጎማ ሽብልቁን መታው። ሽብልቁ ተፈናጥሮ ከበሩ ሥር ወጣ፤ በሩም ከኋላቸው «ድም» ብሎ ገጠመ።

ሚጡ መጀመሪያ ሳቋ መጣ። ከዚያ በእጇ ገፋችው፤ ቀጥላ በትከሻዋ። በሩ ንቅንቅ አላለም። «ሰው የለም ወይ!» ብላ በገዛ ቋንቋዋ ጮኸች። ጣሪያው ላይ የሚያጓራው ማራገቢያ ድምፅዋን ዋጠው። ካፖርታቸው ውጭ ተሰቅሏል፤ ስልኮቻቸውም ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ናቸው። የለበሱት ስስ ሽርጥ ነው።

ባለሻሿን ቅዳሜ ቅዳሜ ልጇ በመኪና እየመጣ ይወስዳት ነበር። ይሄ ትዝ ሲላት ሚጡ ነፍሷ መለስ አለች። በእጆቿ መሪ እንደ ያዘ ሰው አደረገች፣ በሩን አሳየች፣ ሴትዮዋን ጠቆመች፤ «ልጅሽ ይመጣል?» ማለቷ ነው።

ባለሻሿ አገጯን ወደ ላይ ቀና አደረገች። «ጭ።»

«ተመስገን!» አለች ሚጡ። ባዶ ባልዲ ደፍታ ተቀመጠችበት። ከእንግዲህ በር መደብደብ ምን ያደርጋል? ልጁ ይመጣል፣ እናቱን ያጣታል፣ ይፈልጋል፣ ይከፍታል። ባለሻሿ ግን በሩን በቡጢ መምታቷን አላቆመችም፤ ደጋግማ ዞር እያለች ሚጡን በመገረም ታያታለች። ሚጡም «ልጅሽ እየመጣ ምን ያስጨንቅሻል፣ ሴትዮ?» እያለች እጆቿን ብብቷ ሥር ወሸቀች። ባለሻሿ ቡጢዋ ሲዝል መደርደሪያው ጋ ሄዳ ተደገፈች።

ጥቂት ቆይቶ መስታወቱ ላይ ጢም ብቅ አለ። ሹፌሩ ነው። መብራቱን አይቶ ማን እንደቀረ ለማወቅ መጥቷል። ሚጡ ዘላ ተነሳች። ይሉኝታዋን ጥላ ዓይኑን ፊት ለፊት እያየች፣ መዳፏን ወደ መሬት ደፍታ ጣቶቿን ወደ ራሷ አርገበገበች፤ «ና! ና! ቶሎ በል!»

ሹፌሩ ቅንድቡ ተሰበሰበ። እጇን አየ፣ ፊቷን አየ። ከዚያ እንደ ልማዱ እጁን አነሳላትና ከመስታወቱ ጠፋ። ወዲያው የመኪናው ሞተር ሲነሳ ንዝረቱ በወለሉ በኩል እግሯ ድረስ ተሰማት፤ እየራቀም ሄደ።

«ምን ዓይነት አረመኔ ነው!» አለች ሚጡ። «እየጠራሁት! ዓይኔን እያየ!»

ባለሻሿ መጥታ እጇን ያዘቻት። የሚጡን መዳፍ ወደ ታች ደፍታ ጣቶቿን ቅድም ራሷ እንዳርገበገበቻቸው አርገበገበችላት፣ ከዚያ ሰው የሄደበትን አቅጣጫ አሳየቻት። ሂድ። ቀጥላ መዳፏን ወደ ላይ ገለበጠችውና ጣቶቿን ወደ ደረቷ አጠፈችላት። ና።

ሚጡ የገዛ እጇን እንደ ሌላ ሰው እጅ አፍጥጣ አየችው። ስንት ዓመት ልጅ የጠራችበት፣ ታክሲ ያስቆመችበት እጅ ነው። አሁን ደግሞ የሚያድናትን ሰው አባረረባት።

ከዚያ ሌላ ነገር በልቧ ሽው አለ። ፈራ ተባ እያለች እንደገና መሪ ያዘች፣ በሩን አሳየች። «ልጅሽ?»

ባለሻሿ አገጯን ቀና አድርጋ «ጭ» አለች። ይህን ጊዜ ግን አላበቃችም፤ ክንዷን ዘርግታ ሩቅ፣ በጣም ሩቅ አሳየች፣ ባዶ እጆቿንም አገላብጣ ዘረጋች።

ለካ ያ «ጭ» «የለም» ማለት ኖሯል! ልጁ አይመጣም። ያ ሁሉ ጊዜ በከንቱ ቁጭ ብላ ብርድ ተመታች። ሻዩም... «አዬ ጉድ፣ ሻዩም እኮ!» አለች ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ። ሴትዮዋ አልፈልግም እያለቻት በግድ ስትቀዳላት ሰንብታ፣ በላዩ ላይ ያኮረፈችው እሷ!

ነገ እሑድ ነው። እህቷ ሆስፒታል ጽዳት ላይ ናትና ከምሽት በፊት አትገባም፤ ብትገባም ማከፋፈያው ዝግ ነው። የዚህ ሐሳብ ብርድ ከማራገቢያው ብርድ ባሰ። ሚጡ ግድግዳዎቹ እየተጠጉ የመጡ መሰላት። ትንፋሿ አጠረ፤ በሩን በጥፍሯ ትቧጭር ጀመር። ባለሻሿ ከኋላዋ አቅፋ ጎትታ ወሰደቻት። የአበባ መጠቅለያ ወረቀትና ላስቲክ ሽርጧ ሥር ጠቀጠቀችላት። ከዚያ ሻሿን ፈታች። ጸጉሯ ሳስቶ የራስ ቆዳዋ ይታይ ነበር፤ ሚጡ ዓይኗን መለስ አደረገች። ሻሹን በሁለታቸውም አንገት ላይ ጠመጠመችው፣ ተቃቅፈውም ባሉበት እየረገጡ፣ አንዷ ስትደክም ሌላዋ እየጎሸመቻት ቆሙ። ባለሻሿ በቋንቋዋ ትጸልያለች፤ ሚጡም በራሷ። የየትኛዋ እንደተሰማ እግዜር ይወቀው።

የሚጡ እግሮች ከጉልበት በታች የእሷ አልሆን ሲሉ በሩ ተከፈተ።

ሹፌሩ ነበር። ሁለቱንም እንደ ጆንያ ደግፎ አወጣቸው፣ መኪናው ውስጥ አስገብቶ ማሞቂያውን ለቀቀላቸው። ሚጡ እንባዋ ፊቷ ላይ እየወረደ ጣቷን ማጠፍ ስላቃታት፣ በስልኳ ወደ እህቷ የደወለው እሱ ነው። እህቷ ሰምታው ስትጨርስ በስልኩ ለሚጡ ተረጎመችላት።

«ምን አለኝ መሰለሽ፣ ሚጡዬ? ‹ይቺ ሴት አንድ ቀን ቀና ብላ አይታኝ አታውቅም። ዛሬ ዓይኔን እያየች ሂድ ስትለኝ ምን በድያት ይሆን እያልኩ ነዳሁ። ሰፈሬ ስደርስ ግን ፊቷ አልለቀኝ አለ። የተቆጣ ሰው ፊት አልነበረም፣ የሚለምን ሰው ፊት ነበር› አለኝ።»

ሚጡ ዞር ብላ አየችው። ሰውዬው አፍሮ በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያል።

ሰኞ አለቃው እንደ ወትሮው ጋሪውን አሳያት። ሚጡ ከወንበሯ አልተነሳችም። የተሰበረውን እጀታ ጠቆመችና በአማርኛዋ «እሱ ሳይሠራ አልገባም!» አለች። የጮኸችው ጩኸት ራሷንም አስደነገጣት። ባለሻሿም መቀሷን ጠረጴዛው ላይ ኳ አድርጋ አስቀመጠችና እጆቿን አጣመረች። አለቃው አንዱን ቋንቋ እንኳ ባይሰማ ነገሩ ገብቶታል፤ ከቀትር በፊት ብረት ሠሪ መጣ።

እጀታው ተሠራ፤ የሚጡ ልብ ግን ቶሎ አልተሠራም። ያን ሰሞን የመታጠቢያ ቤቱን በር መዝጋት አቃታት። ትንሽ ገርበብ አድርጋ ትተወውና ከውስጥ ትጣራለች።

«እትዬ፣ አለሽ?»

«አለሁ» ትላለች እህቷ፣ ከሥራ ደክማ ገብታ ኮሪደሩ ላይ በርጩማ ስባ ተቀምጣ። «የትም አልሄድም፤ ታጠቢ።»

«ዝም አትበዪ እንጂ፣ አውሪኝ።»

«ምን ላውራሽ?»

«የፈለግሽውን።»

እህቷም ውሎዋን፣ የሚመጣውን የቤት ኪራይ፣ የጎረቤቱን ውሻ ታወራላታለች፤ ውሃው እስኪቆም ድረስ።