ሃያ ደቂቃ ሳትነቃነቅ

ልብስ ሰፊዋ ከማለዳ ጀምሮ የልጇን ቀሚስ ሦስት ጊዜ ተኩሳለች። ከሦስት ትምህርት ቤት የተባረረች የስምንት ዓመት ልጅ ይዛ አራተኛውን በር የምታንኳኳ እናት አንዴ ተኩሳ እንዴት ትተወው! የመጀመሪያው «ክፍሉን በጠበጠችብን» አለ። ሁለተኛው «ሌላ ቦታ ብትሞክሩ» አለ፣ በትህትና። ሦስተኛው ደግሞ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ደብተሮቿን በፌስታል አድርጎ በዘበኛ እጅ አስረከባት። እስቲ አሁን ይሄ የሰው ሥራ ነው?

ልጅቷን አባቷ «ፌንጣ» ነው የሚላት፤ አላጋነነም። አንዱን ጀምራ ሳትጨርስ ሌላው ላይ ትዘላለች። ሲጠሯት አትሰማም፣ ሳይጠሯት አቤት ትላለች። ሐኪሙ ብዙ ጠይቆ፣ ብዙ ጽፎ፣ «ኤዲኤችዲ ይባላል። ባለጌ ሆና አይደለም፤ ትኩረቷን መሰብሰብ፣ ቁጭ ማለት ስለሚያቅታት ነው። የሚረዳት ትምህርት ቤት ፈልጊላት» ብሎ ወረቀት ሰጣት። ሦስተኛው ትምህርት ቤት ያንን ወረቀት ባየ በሳምንቱ ነው ልጅቷን ያባረራት።

ይኸኛውን የጠቆመቻት አንዲት ደንበኛዋ ናት። «አሥራ ሁለት ልጅ፣ ሁለት አስተማሪ ያለባት ትንሽ ክፍል አለቻቸው። ልጅ አይንቁም። ግን አንድ ቦታ ብቻ ነው የቀረው፤ ፍጠኚ» አለቻት። የጭነት መኪና ሹፌሩ ባሏ ከመንገድ ደውሎ «ወረቀቱን መጀመሪያ አሳዪያቸው፣ እንዳትደብቂ» ብሎ ለመናት። እሷ ግን የት ልትሰማ! አንድ ቦታ ካለ የሚመርጡት ጨዋዋን ነው ብላ ደምድማለች። መጀመሪያ ትግባ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ይታያል።

ስለዚህ ሦስት ሳምንት ሙሉ ልጇን ሱቋ ውስጥ ስታለማምዳት ሰነበተች። ልብስ ሰፊ ደንበኛዋን ቀጥ አድርጋ የምታቆመው በስፒል ነው፤ ጨርቁ በስፒል ከተያዘ በኋላ የተነቃነቀ ሰው ይወጋል። ልጅቷንም በርጩማ ላይ አስቀምጣ፣ ቀሚሷን በስፒል ያዝ ያዝ አድርጋ፣ «ሃያ ደቂቃ። ከተነቃነቅሽ ይወጋሻል» ትላታለች። ክፋት አልነበረባትም፤ የምታውቀው ይሄንኑ ነው። ሌላ እናት ብትሆን ከረሜላ ትገዛ ነበር።

አሁን የርዕሰ መምህርቷ ቢሮ ተቀምጠዋል። ጠባብ ክፍል ነው፤ መደርደሪያው ላይ ልጆች በጭቃ የሠሯቸው ጆሮ የጎደላቸው እንስሳት ተኮልኩለዋል። ርዕሰ መምህርቷ ፀጉሯ የሸበተ፣ ከመነጽሯ በላይ አሻቅባ የምታይ ሴት ናት። ሜዳው ላይ ልጆች ይጯጯሃሉ። አንድ ኳስ መጥቶ መስኮቱን ድው ሲያደርገው ልብስ ሰፊዋ ራሷ ብድግ አለች። ልጅቷ ዘወር እንኳን አላለችም።

«ቤት ውስጥስ እንዴት ናት?»

«ኧረ ጨዋ ናት እትዬ! ልጅ መኖሩም አይታወቅ።»

«ከነበረችበት ለምን ወጣች?»

«ራቀን» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ርዕሰ መምህርቷ ልጅቷን ቁጥር ጠየቀቻት፣ ሥዕል አሳየቻት፣ አስነበበቻት። ልጅቷ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣብቃ፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ በአጭር በአጭሩ መለሰች። ሃያ ደቂቃ አለፈ። የእናትየው ልብ በደስታ ሊፈነዳ ደረሰ።

«እንግዲህ ደስ ይበልሽ፣ ልጄ» አለች ርዕሰ መምህርቷ ወፍራም መዝገብ እየሳበች። «ትንሿ ክፍል መቀመጥ ለሚያቅታቸው ልጆች ናት። ልጅሽን ግን አታስፈልጋትም። ትልቁ ክፍል ትገባለች፤ ስልሳ ናቸው፣ እሷ ግን ትችለዋለች። አንዴ እዚህ ከተጻፈች ደግሞ ዓመቱ ሳያልቅ አትዛወርም።»

የልብስ ሰፊዋ ቆሌ ተገፈፈ። ስልሳ! ፌንጣን ከስልሳ ልጅ መሃል! አንድ ሳምንትም አትቆይ። እውነቱን እንዳትናገር ውሸታም ልትባል ነው፤ የውሸታም ልጅ ደግሞ ማን ይቀበላል? ዝም እንዳትል እስክሪብቶው ተከፍቷል።

«ነይ የኔ ቆንጆ፣ ስምሽን ራስሽ ጻፊልኝ» አለች ርዕሰ መምህርቷ።

ልጅቷ ተነሳች፣ ወዲያው «እህ!» ብላ እጥፍ አለች። ነጭ ቀሚሷ ወገቡ ላይ ሦስት ቦታ ደም ነክቶታል። እናቷ ዘላ ቀሚሱን ገለጥ ብታደርገው፣ ከውስጥ በኩል አምስት ስፒል፣ ጫፋቸው ወደ ገላዋ ተሰክቷል።

«ማነው የሰካብሽ?»

«እኔ ነኝ። ከሳጥንሽ ወሰድኩ። ያለ እሱ አልችልም ብዬ ፈራሁ።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ግን አልተነቃነቅኩም አይደል፣ እማዬ?»

ወይኔ! ልብስ ሰፊዋ እዚያው ወለሉ ላይ ተንበርክካ ልጇን አቅፋ አለቀሰች። ሲወጣላት ቦርሳዋን በርብራ ወረቀቱን አወጣች።

«ዋሽቻለሁ፣ እትዬ። ጨዋ ናት ያልኩትም፣ ራቀን ያልኩትም ውሸት ነው። ከሦስት ቦታ አባረውብኛል። ቁጭ ማለት አትችልም። የፈለጉትን ይቅጡኝ፣ ብቻ በእኔ ጥፋት እሷን አይመልሱብኝ።»

ርዕሰ መምህርቷ ስፒሎቹን አንድ በአንድ ነቅላ ጠረጴዛው ላይ አኖረቻቸው፣ ቁስሉን ጠረገችላት፣ ከዚያ ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አነበበች። በመጨረሻ ወፍራሙን መዝገብ ገፋ አድርጋ ከመሳቢያዋ ቀጭን ደብተር አወጣች።

«ልጅሽ ነገ ጠዋት ትንሿ ክፍል ትገባለች። አንቺም የመጀመሪያውን ሳምንት አብረሻት ትመጫለሽ፤ መማር ያለባት እሷ ብቻ አይደለችም።» ወደ ልጅቷ ዞር አለች። «አንቺ ደግሞ በቃሽ። ሜዳው ያውልሽ፣ ሂጂ ሩጪ።»

ልጅቷ ንቅንቅ አላለችም። እናቷን አየች።

«ሂጂ የኔ እናት፣ ሩጪ» አለቻት ልብስ ሰፊዋ።

«ሙከራ ነው?»

«አይደለም።»

«ብሮጥ አይመልሱኝም?»

ከዛሬ ወዲያ የልብስ ሰፊዋን ቃል ማን ያምናል? እጇን ይዛ ወደ ሜዳው ወሰደቻት። ልጅቷ በሩ ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። እናትየው ለዛሬ ብላ ከጎረቤት የተዋሰችውን ባለ ተረከዝ ጫማ አውልቃ፣ ቀሚሷን ሰብስባ ይዛ፣ በዚያ ሁሉ ልጅና አስተማሪ ፊት ራሷ መሮጥ ጀመረች። ልጆቹ ሳቁባት። ይሳቁ! አንድ ዙር ጨርሳ ሁለተኛውን ስትጀምር ከኋላዋ ሰማች።

«እማዬ፣ እኔም ልምጣ?»

ልብስ ሰፊዋ ሩጫዋን ሳታቆም እጇን ወደ ኋላ ዘረጋችላት።